ከውጭ አገር በባንክ ለሚላክ ገንዘብ የስዊፍት ኮድ አጠቃቀም፦ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ ወይም ዳንግላ ሆነው ከውጭ አገር በባንክ በኩል ገንዘብ የሚጠብቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ላኪው ስዊፍት ኮድ አምጡ ብሎኛል፤ የእኛ ቅርንጫፍ ኮድ ማን ነው?» ይሉኛል። ስዊፍት ኮድ ገንዘብ ከአገር አገር ሲላክ ተቀባዩን ባንክ የሚለይ መለያ ነው። ኮዱ በአብዛኛው የባንኩ እንጂ የቅርንጫፉ ስላልሆነ ቡሬ ላይ የተከፈተም ሆነ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተ ሒሳብ ባንኩ አንድ እስከሆነ ድረስ ኮዱም አንድ ነው። ይህ መመሪያ ኮዱን ከየት እንደሚያገኙት፣ እንዴት እንደሚያረጋግጡት፣ ከስምዎና ከሒሳብ ቁጥርዎ ጋር አዘጋጅተው ለላኪው እንዴት እንደሚልኩት፣ ገንዘቡ ቢዘገይም ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል ያሳይዎታል።

በአንዳንድ ቅጾች ላይ «ቢ-አይ-ሲ» ተብሎ የሚጠየቀው ራሱ ስዊፍት ኮድ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ስለ ፊደላቱ አጻጻፍ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኮዶቹን የእንግሊዝኛ ፊደላቱን ስም በሰረዝ እየለየሁ ጽፌአቸዋለሁ። «ኤ» ስል የእንግሊዝኛውን የመጀመሪያ ፊደል፣ «ኢ» ስል አምስተኛውን፣ «አይ» ስል ዘጠነኛውን ማለቴ ነው። ቅጹ ላይ ሲሞሉ ግን ሰረዝም ሆነ ክፍተት ሳይጨምሩ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት አያይዘው ይጻፉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የባንክ ደብተርዎ፣ ወይም ስምዎና የሒሳብ ቁጥርዎ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ
- ሒሳቡን ሲከፍቱ ያቀረቡት መታወቂያ፣ ወይም ፋይዳ፣ ወይም ፓስፖርት
- ከባንኩ ከራሱ የተወሰደ ስዊፍት ኮድ
- የላኪው ሙሉ ስም፣ የሚልክበት አገር፣ የሚልከው ምንዛሪ ዓይነትና ገንዘቡ የሚላክበት ምክንያት
- የጽሑፍ መልእክት መላክ የሚችል ስልክ (ቴሌግራም ቢሆን ይበቃል)

ደረጃ 1፦ ኮዱ በእርግጥ የሚያስፈልግዎ መሆኑን ይለዩ

ላኪው በዌስተርን ዩኒየን ወይም በመኒግራም ከላከልዎ ገንዘቡን የሚቀበሉት በሚስጥር ቁጥር ነው። የዌስተርን ዩኒየኑ ቁጥር 10 አሃዝ፣ የመኒግራሙ 8 አሃዝ አለው፤ ሁለቱም ከስዊፍት ኮድ ጋር አይገናኙም። ስዊፍት ኮድ የሚያስፈልገው ላኪው ካለበት አገር ባንክ በቀጥታ ወደ እርስዎ የባንክ ሒሳብ ሲልክ ነው። ይህን አስቀድመው ካልለዩ ላኪው በማያስፈልግ ኮድ ሲደክም፣ እርስዎም የሌለ የሚስጥር ቁጥር ሲጠብቁ ቀናት ይባክናሉ።

ደረጃ 2፦ ኮዱን ከባንኩ ከራሱ ይውሰዱ

አስተማማኙ መንገድ ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው የውጭ ሐዋላ የሚያስተናግደውን ባለሙያ በወረቀት እንዲጽፍልዎ መጠየቅ ነው። ቅርንጫፉ ሩቅ ከሆነ የባንኩን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ከማንም ያልታወቀ ድረ ገጽ ወይም ከጎረቤት አሮጌ ወረቀት ላይ አይገልብጡ፤ የተዋሐዱና ስማቸውን የቀየሩ ባንኮች ስላሉ የማይሠራ ኮድ ዛሬም እየተዘዋወረ ነው። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከተጠቃለለ በኋላ በድሮው ባንክ ኮድ ገንዘብ ማስላክ ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ ሌላውም አሮጌ ወረቀት እንዲሁ ሊያሳስትዎ ይችላል።

በአካባቢያችን በብዛት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ ቢሆንም ከላይ እንዳልኩት ከባንክዎ ጋር ያመሳክሯቸው።

- የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፦ ሲ-ቢ-ኢ-ቲ-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ
- አቢሲንያ ባንክ፦ ኤ-ቢ-ዋይ-ኤስ-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ
- ዓባይ ባንክ፦ ኤ-ቢ-ኤ-ዋይ-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ
- ዳሸን ባንክ፦ ዲ-ኤ-ኤስ-ኤች-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ
- አዋሽ ባንክ፦ ኤ-ደብልዩ-አይ-ኤን-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ
- ሕብረት ባንክ፦ ዩ-ኤን-ቲ-ዲ-ኢ-ቲ-ኤ-ኤ

የመጨረሻው ኮድ ከባንኩ የአሁን ስም ጋር ባለመመሳሰሉ የተሳሳተ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ኮዱ የተወሰደው ባንኩ በእንግሊዝኛ ይታወቅበት ከነበረው የቀድሞ ስሙ («ዩናይትድ ባንክ») ስለሆነ ትክክል ነው። የአቢሲንያንና የዓባይን ኮዶች ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩዋቸው። የሚለያዩት በሦስተኛውና በአራተኛው ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ባንኮች ጎጃም ውስጥ ብዙ ደንበኛ ስላላቸው መደበላለቁ እንግዳ ነገር አይደለም።

ደረጃ 3፦ ኮዱን ክፍል በክፍል ያረጋግጡ

ስዊፍት ኮድ ወይ 8 ወይ 11 ምልክት ነው፤ 7 ወይም 9 ሆኖ ካገኙት አንድ ነገር ጎድሏል ወይም ተጨምሯል ማለት ነው።

- የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ባንኩን ይለያሉ።
- 5ኛውና 6ኛው አገሩን ይለያሉ፤ ለኢትዮጵያ ሁልጊዜ «ኢ-ቲ» ነው።
- 7ኛውና 8ኛው ስፍራውን ይጠቁማሉ። ከላይ በተዘረዘሩት ባንኮች ሁሉ «ኤ-ኤ» የሆነው ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸው አዲስ አበባ ስለሆኑ ነው። ሒሳብዎ ደብረ ማርቆስ ቢከፈትም ይህ አይለወጥም፤ እርስዎም ሊለውጡት አይገባም።
- 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው ካሉ ቅርንጫፍን ይለያሉ። የላኪው ቅጽ 11 ምልክት ካልሞላ አላልፍም ካለ በ8ቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ «ኤክስ» ይጨመራል፤ ትርጉሙም ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ወስደው እንዲቆዩ የምመክርዎ ስዊፍት ኮድ በውስጡ ማረጋገጫ አሃዝ ስለሌለው ነው። አውሮፓውያን በሚጠቀሙበት አይባን በተባለው የሒሳብ ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ሥርዓቱ በስሌት ይደርስበትና ወዲያው ይመልሰዋል። በስዊፍት ኮድ ላይ ግን የተሳሳተው ፊደል በአጋጣሚ የሌላ ባንክ ኮድ ከሆነ ቅጹ ምንም ሳይል ይቀበለዋል፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ ባንክ ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮዱን በስልክ አያስጽፉ። በአማርኛ ጆሮ «ኤ» የሚለውን ስም የሰማ ሰው የእንግሊዝኛውን አምስተኛ ፊደል፣ «ኢ» የሚለውን የሰማ ደግሞ ዘጠነኛውን መጻፍ ይቀናዋል፤ ምክንያቱም የእኛ ድምፆች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ እንደዚያ ስለሚጻፉ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ የንግድ ባንክ ኮድ አይቼ አውቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት «ኤ» መሆን ሲገባው ሁለት «ኢ»፣ «ኢ» መሆን የሚገባው ሁሉ ደግሞ «አይ» ሆኖ ነበር። ብዕር የያዘው ሰው የሰማውን በትክክል ጽፏል፤ ያሳሳተው ነገሩ በቃል መነገሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ስምዎን በባንኩ መዝገብ ላይ እንዳለ ይገልብጡ

ኮዱ ገንዘቡን ባንኩ ደጅ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሒሳብዎ ውስጥ የሚያስገባው የስምዎና የሒሳብ ቁጥርዎ መመሳሰል ነው፤ ከስዊፍት ኮድ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ሲያንጠለጥል የማየውም የስም አጻጻፍ ነው።

ደብተርዎን ገልጠው ስምዎ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ይመልከቱ። «ገብረ ማርያም»፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» ወይም «ጥሩ ወርቅ» የሚሉት ስሞች አንዱ ዘንድ ተያይዘው፣ ሌላው ዘንድ ተለያይተው ይጻፋሉ። «ቀ» አንዱ ጋ በ«ኬ»፣ ሌላው ጋ በ«ኪው» ይጻፋል፤ «ጸ» ደግሞ አንዱ ጋ በ«ቲ-ኤስ»፣ ሌላው ጋ በ«ኤስ» ብቻ። ትክክለኛው የትኛው ነው ብለው አይከራከሩ፤ ለዚህ ጉዳይ ትክክለኛው ባንኩ መዝገብ ላይ ያለው ነው። ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ስም ከደብተሩ ጋር የሚለያይ ከሆነ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ቅርንጫፍዎ ሄደው ያስተካክሉት፤ ገንዘቡ መጥቶ ከተያዘ በኋላ ማስተካከል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የውጭ አገር ቅጾች ስምን በሁለት ይከፍላሉ፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብለው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በመጀመሪያው ቦታ ላይ የራስዎን ስም፣ በሁለተኛው ላይ የአባትዎንና የአያትዎን ስም አከታትለው ይጻፉ። ሦስቱም መግባት አለባቸው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ የራስና የአባት ስማቸው አንድ የሆነ ደንበኞች ጥቂት አይደሉምና። «መሪጌታ»፣ «ቄስ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ዶክተር» የሚሉት መጠሪያዎች ግን በባንኩ መዝገብ ላይ ከሌሉ ቅጹ ላይም አይግቡ። መሪጌታ መባል ክብር ቢሆንም ስሞቹን የሚያነጻጽረው ሥርዓት የራስዎ ስም አድርጎ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 5፦ የሒሳብ ቁጥሩን ሙሉውን ይጻፉ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ የሌሎቹ ባንኮች ርዝመት ይለያያል። መነሻው ላይ ያሉትን ዜሮዎች አይጣሉ፤ ከሌሉም አይጨምሩ። ክፍተትም አያስገቡ።

ደረጃ 6፦ ሁሉንም በአንድ መልእክት አዘጋጅተው ይላኩ

በእንግሊዝኛ ፊደል የሚከተሉትን በየመስመሩ ይጻፉና በጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ ከጎኑም የደብተርዎን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ያያይዙ። ጽሑፉ ላኪው ገልብጦ እንዲለጥፍ፣ ፎቶው ደግሞ እንዲያመሳክር ያገለግላል።

- የተቀባይ ሙሉ ስም
- የሒሳብ ቁጥር
- የባንኩ ስም
- ስዊፍት ኮድ
- የባንኩ አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ
- የቅርንጫፉ ስም፦ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ
- የተቀባዩ አድራሻ፦ ከተማ፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር
- የገንዘቡ ምክንያት፦ የቤተሰብ ድጋፍ፣ የሥራ ክፍያ፣ ወይም ሌላ

የባንክ መልእክቶች የግዕዝ ፊደል አይቀበሉም። ከእንግሊዝኛ ምልክቶችም ብዙዎቹን አይቀበሉም፤ በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናየው ምልክትና «እና» ለማለት የምንጠቀምበት ምልክት ከማይፈቀዱት መካከል ናቸው። የድርጅት ስም ውስጥ «እና» ካለ በምልክት ሳይሆን በቃል ይጻፍ።

ስዊፍት ኮድና የሒሳብ ቁጥር ምስጢር ስላልሆኑ ለላኪው ቢሰጡ ገንዘብ አይወጣብዎትም። የሞባይል ባንክ የይለፍ ቁጥርዎን ወይም በአጭር መልእክት የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ግን ማንም ቢጠይቅዎ አይስጡ፤ ገንዘብ ለመቀበል እነዚህ በፍጹም አያስፈልጉም።

ደረጃ 7፦ ላኪው ቅጹን ሲሞላ የሚቸገርባቸው ቦታዎች

ይህን ክፍል ለላኪው ቢያስተላልፉለት ይጠቅመዋል።

*አይባን።* ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 23፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 24 ምልክት ያለው አይባን ስላላቸው እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ያለ እርሱ ገንዘብ የማይሄድ ይመስላቸዋል። አስቀድሞ የተቀባዩ አገር ኢትዮጵያ ተብሎ ከተመረጠ ብዙ ቅጾች ጥያቄውን ራሳቸው ወደ ሒሳብ ቁጥር ይቀይሩታል። ካልቀየሩት በዚያው ቦታ የሒሳብ ቁጥሩ ይገባል። በምንም ዓይነት ከፊቱ «ኢ-ቲ» ወይም ዜሮ እየጨመሩ አይባን መሳይ ቁጥር አይፍጠሩ።

*ራውቲንግ ቁጥርና ሶርት ኮድ።* የመጀመሪያው 9 አሃዝ ያለው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው 6 አሃዝ ያለው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ መለያ ነው። የኢትዮጵያ ባንኮች የላቸውም። አሜሪካ ያለው ላኪ ቅጹ ራውቲንግ ቁጥር ብቻ የሚጠይቀው ከሆነ የአገር ውስጥ መላኪያ ቅጽ ከፍቷል ማለት ነውና ወጥቶ የዓለም አቀፉን ይክፈት።

*መካከለኛ ባንክ።* የላኪው ባንክ ከእርስዎ ባንክ ጋር ቀጥተኛ የሒሳብ ግንኙነት ከሌለው ገንዘቡ በሦስተኛ ባንክ በኩል ያልፋል፤ ዶላር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኒው ዮርክ በኩል። ቅጹ የመካከለኛውን ባንክ ስምና ኮድ ከጠየቀ መልሱ ያለው እርስዎ ባንክ ዘንድ ነው፤ በየምንዛሪው ስለሚለያይ «ለዶላር» ወይም «ለዩሮ» ብለው ለይተው ይጠይቁ። የመካከለኛው ባንክ ኮድ በተቀባዩ ባንክ ቦታ ላይ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ ተቀያይረው ከተጻፉ ገንዘቡ መካከለኛው ባንክ ላይ ቆሞ ባለቤት ይፈለግለታል።

*የአገልግሎት ክፍያ ማን ይክፈል።* ሦስት ምርጫ አለ። «ኦ-ዩ-አር» ሲባል ሁሉንም ላኪው ይከፍላል፤ «ኤስ-ኤች-ኤ» ሲባል ላኪው የራሱን ባንክ፣ ተቀባዩ የቀረውን ይከፍላል፤ «ቢ-ኢ-ኤን» ሲባል ሁሉም ከሚላከው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ላኪው 300 ዶላር ልኮ እርስዎ ጋ ያነሰ ቢደርስ ተሰረቀ ከማለትዎ በፊት የትኛው እንደተመረጠ ይጠይቁ። የተወሰነ መጠን መድረስ ያለበት ክፍያ ከሆነ የመጀመሪያው ይመረጥ።

ደረጃ 8፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በትንሽ ይሞክሩ

መጠኑ ከፍ ያለ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ላኪው አነስተኛ ገንዘብ ልኮ መድረሱን ያረጋግጥ። የአንድ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ቢያስወጣም የተሳሳተ ገንዘብ ማስመለስ ከዚያ ይበልጥ ያስወጣል። የቤት ወይም የመኪና ግዢ ገንዘብ ከሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉት።

ደረጃ 9፦ የመላኪያውን ማስረጃ ይቀበሉና ቀኑን ይቁጠሩ

ላኪው ከባንኩ የሚሰጠውን ደረሰኝ ይላክልዎት። በውስጡ 36 ምልክት ያለው፣ በአራት ሰረዝ የተከፋፈለ መከታተያ ቁጥር አለ፤ «ዩ-ኢ-ቲ-አር» ይባላል። ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይህንን ይያዙ። የቅርንጫፉ ባለሙያ «ኤም-ቲ 103» አምጡ ቢልዎት የሚጠይቀው የመላኪያውን መልእክት ቅጂ ነው፤ ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች እርስ በርስ የሚለዋወጡት መልእክት በአዲስ ቅርጽ ቢተካም ሰነዱ በቀድሞ ስሙ ሊጠየቅ ይችላል።

ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። «የሥራ ቀን» የሚቆጠረው ገንዘቡ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ነው። ሪያድ ያለች እህትዎ ሐሙስ ከሰዓት ብትልክ ዓርብና ቅዳሜ እዚያ ዕረፍት ነው፤ እሑድ እነርሱ ሲከፍቱ ኒው ዮርክና ኢትዮጵያ ዝግ ናቸው፤ ጉዞው በተግባር የሚጀምረው ሰኞ ነው። በመካከሉ እንደ መስቀል ወይም ገና ያለ በዓል ከገባ ደግሞ ይጨምሩበት።

ገንዘቡ ሲደርስ ወደ ብር የሚመነዘረው ባንክዎ በዕለቱ በሚጠቀምበት ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ከባንክ ባንክ ልዩነት አለ። ሒሳብ ያለዎት በሁለት ባንክ ከሆነ የትኛውን ኮድ እንደሚሰጡ ከመወሰንዎ በፊት የሁለቱን የዕለት ዋጋ ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመላኪያ ደረሰኝ ፎቶ ገንዘብ አይደለም። ማር፣ በርበሬ ወይም ሌላ ዕቃ ሸጠው ገዢው የኤም-ቲ 103 ፎቶ ቢያሳይዎ፣ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ባንክዎ ሳያረጋግጥልዎ ዕቃውን አያስረክቡ። ይህን ሰነድ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው። «ገንዘብህ ደርሷል፤ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ጥሪም ከባንክ አይመጣም፤ የባንክ ክፍያ ቢኖር ከሚገባው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል እንጂ በግለሰብ ስልክ አይጠየቅም።

ገንዘቡ ካልገባ

አምስት የሥራ ቀን ካለፈ መከታተያ ቁጥሩን፣ መታወቂያዎንና ደብተርዎን ይዘው ቅርንጫፍዎ ይሂዱና «መልእክቱ ደርሷችኋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከሁለት አንዱ ይሆናል።

ከደረሰና ከተያዘ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የስም ልዩነት ወይም የገንዘቡ ምክንያት አለመገለጹ ነው። ባንኩ ማስረጃ ይጠይቅዎታል፤ ለሥራ ክፍያ ከሆነ ውሉን፣ ለቤተሰብ ድጋፍ ከሆነ ከላኪው ጋር ያለዎትን ዝምድና የሚገልጽ ነገር። ስምዎ ወይም የላኪው ስም በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ካለ ስም ጋር ስለተመሳሰለም ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ወንጀል ተገኘብዎት ማለት አይደለም፤ የልደት ቀንዎንና መታወቂያዎን ካቀረቡ በአብዛኛው ይለቀቃል።

ካልደረሰ ግን ቅርንጫፉን መመላለስ አይፈይድም። የተሳሳተ ኮድ ማሳረምም ሆነ ገንዘቡን ማስመለስ የሚችለው ላኪው ብቻ ነው፤ እርሱም የላከበትን ባንክ ማስተካከያ ወይም ማስመለሻ እንዲጠይቅለት ማመልከት አለበት። በየቀኑ ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ የሚመላለሱ አባት ልጃቸው ዱባይ ላይ አንድ ማመልከቻ ቢሞላላቸው ይሻላቸዋል። ላኪው በትዕግሥት ማጣት ሁለተኛ ጊዜ እንዳይልክም ይንገሩት፤ የመጀመሪያው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሁለተኛው ያንኑ የተሳሳተ ኮድ ይዞ ይሄዳል።

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለሚልኩ

ለትምህርት ክፍያ ወይም ለሕክምና ወደ ውጭ የሚልኩ ከሆነ አሠራሩ ያው ተገልብጦ ነው፤ ልዩነቱ ባንኩ አስቀድሞ ማስረጃ የሚጠይቅዎ መሆኑ ነው። የመግቢያ ደብዳቤ ወይም የክፍያ መጠየቂያ፣ ፓስፖርትና ባንኩ የሚጠይቀውን ሌላ ሰነድ ይዘው ይቅረቡ። ተቀባዩ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ከስዊፍት ኮዱ በተጨማሪ አይባኑን ይጠይቁት፤ የጀርመንም የእንግሊዝም 22 ምልክት አለው። የአይባኑ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ከስዊፍት ኮዱ 5ኛና 6ኛ ፊደላት ጋር ብዙውን ጊዜ አንድ ስለሆኑ ከተለያዩ ተቀባዩን መልሰው ይጠይቁ። የተማሪ መለያ ቁጥርዎን በመልእክቱ ማስታወሻ ቦታ ላይ ማስጻፍ አይርሱ፤ ያለ እርሱ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡ የማን እንደሆነ አያውቅም። ባለሙያው ቅጹን ኮምፒውተር ላይ ሞልቶ ሲጨርስ ከመላኩ በፊት አትሞ እንዲያሳይዎ ይጠይቁትና ኮዱን፣ ስሙንና ቁጥሩን ከያዙት ወረቀት ጋር እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያመሳክሩ።